ስሟ ማን ነው?

ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ከሊያ ጋር እዚህ እንግልውድ ከተማ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ገባን። የድሮ የአሰብ ባሕረ ሰላጤ ካርታ አግኝቼ ስዘረጋው፣ የወረቀቱ ሽታ የቀያሾቹን ድንኳን አመጣብኝ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አሰብ፣ ሰፈራችን ከርመው ነበር፤ አባባ በጀልባቸው ያመላልሷቸዋል። አንድ ጠዋት ባሕሩ ዳር ካለችው ትንሽ ኮረብታ ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ። የቀያሾቹ አለቃ ከታች ድንኳኑ ደጃፍ ሆኖ ወደ እኔ አቅጣጫ ጠቆመና አባባን «አባት፣ ስሟ ማን ነው?» አላቸው።

«ሚሚ!» አሉ አባባ በኩራት።

ሰውዬው ጻፈ። «ቁመቷስ እንዴት ነው?»

«ለዕድሜዋ ረዘም ትላለች።»

«ከባሕሩ ብዙ ትርቃለች?»

«የት ትርቃለች! ስንቴ ተቆጣኋት መሰለህ!»

ሰውዬው እርሳሱን አቆመ። የጠየቀው ለካ ስለ ኮረብታዋ ኖሯል! ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ላጲስ ሲያወጣ ግን አባባ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ አታጥፋት። እኛ ብንነሳ እንኳ እሷ እዚያው ትቀመጥልን።»

እኔ ደግሞ ብቻዬን ጥለውኝ ሊሄዱ መስሎኝ ቁልቁል በረርኩ።

«ማሚ፣ ሉክ!» አለች ሊያ፣ ጣቷን ባሕሩ ዳር አሳርፋ። «ይሄ ሂል ስሙ ካንቺ ጋር ሴም ነው!»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ስሙ አይባልም የኔ ልጅ» አልኳት። «ስሟ በይ።»