የውቢት ውፍረት

ውቢት ጋደም ብላ ከተኛች ዓመት ሊሆናት ነው። ጀርባዋ ፍራሽ ሲነካ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ስለዚህ ሰገነቱ ላይ የውሃውን ሮቶ ተደግፋ፣ እንደተቀመጠች ታነጋለች። የጅቡቲ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጣሪያ ስለሚያወጣ ማንም ልብ አይላትም። እኔ ዘቢባ ግን እዚሁ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ከአጥር ማዶ ነው የምሠራው። ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ አንገቷ ወደ ጎን ተጥሎ አያታለሁ፤ ዓይኗን እስክትገልጥ ድረስ አልረጋም።

አሠሪዋን ማዳም ኻሊዳን ላማት አልችልም። ቡላኦስ ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቋን ዘግታ፣ ራሷ ሐኪም ዘንድ ወስዳታለች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ ደሙን በደንብ አይገፋም፣ ውሃ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል አለ። ጨው አትብላ፣ ውሃ አታብዛ፣ ደረጃ አትውጣ፣ ከባድ አታንሳ። እግዜር ይስጠው፤ ግን የሰው ቤት ሠራተኛ መሆኗን የነገረው ያለ አይመስለኝም። የዚህ ከተማ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨው ጨው ይላል። በዚህ ወበቅስ ውሃ አታብዢ ይባላል?

ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ሰጥቷታል። እንግዳ በሚበዛበት ቀን ግን መጸዳጃ ቤት ስትመላለስ ሥራ ይበደላልና ሳትውጠው ትውላለች፤ በማግስቱ እግሯ ጫማ አይገባለትም። ገና ሠላሳ አልሞላትም። አንድ ቀን፣ "ፀጉሬን ለማበጠር እንኳ መሃል ላይ ማረፍ አለብኝ" አለችኝ። ማበጠሪያውን ተቀበልኳት።

ይህን ሁሉ እናቷ አያውቁም። ወሎ ያሉት እማማ ይታገሱ በስልክ ቪዲዮ እያዩዋት፣ ፊቷ በሞላ ቁጥር "ጅቡቲ ተስማማሽ፣ ተመስገን" ይላሉ። ውቢት ደስታቸውን መንጠቅ አንጀቷ አልችል ብሏት ዝም ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቴ ጨቅጭቄያታለሁ።

ባለፈው ዓርብ፣ በእረፍታችን ቀን፣ እማማ በቪዲዮ ደወሉ። "ሜሪንም ልልክልሽ ነው፤ እንዳንቺ ትሙላ" አሉ። ሜሪ ታናሽ እህቷ ናት። የውቢት ፊት ተለዋወጠ።

"እንዳትልኪያት እማዬ፣ እኔኮ..." አለችና ሳል ያዛት። ብትታገል ብትታገል ቃሉ አልወጣላትም። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። "አንቺ ንገሪልኝ።"

"እማማ" አልኩ፣ "ይህ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። ውቢት ልቧን ታማለች። ተኝታ ማደር አትችልም። ሜሪን ከመላክ ይልቅ እሷን ወደ ቤት የምንመልስበትን ዘዴ እንፈልግ።"

 እማማ ይታገሱ ፈገግ ብለው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ገባኝ ልጄ፣ ተባረኪ። የሰው ዓይን ክፉ ነው። እኔ ሞኝ ደግሞ ፎቶዋን ለጎረቤት ሁሉ ሳሳይ ከረምኩ። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ፣ ታማለች ነው የምለው።"

"የእውነቴን ነው፣ እማማ" ብዬ ስልኩን ወደ ውቢት እግር አዞርኩት። ቁርጭምጭሚቷ የት እንዳለ አይታወቅም። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ።

"እሰይ፣ እግሯ ሳይቀር ሞልቷል" አሉ። "በይ ሸፍኚው።"

ውቢት ቀሚሷን ወደ ታች ጎተተችው።

ሜሪ ጋም ደወልን። "እማዬ ነግራኛለች፤ ሚስጥር እጠብቃለሁ" ብላ ሳቀች። ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። አሁን በመንደራቸው ውቢት መታመሟን ያልሰማ የለም፤ የማያምኑት እናቷና ሜሪ ብቻ ናቸው።