ንፋሴና ሰፊው የኋላ እግር

የወንድሜን ሚስት ሰፈሩ ሁሉ ንፋሴ ነው የሚላት። ጎማይስታ ናት። እሷ ያልነፋችው ጎማ የለም ስለሚባል ነው ስሙ የወጣላት። እኔ ከሱቋ አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። በመሃላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ እዚህ ማዶ ሆኜ "ይማርሽ" እላለሁ። ስለዚህ ያን ቀን የሆነውን ከእኔ በላይ የሚያወራው ሰው የለም። ወንድሜማ ምኑን ያውቀዋል፣ እሱ ሲጨንቀው ጆሮው አይሰማም።

ንፋሴ በፊት የመኪና ወንበር ልብስ ነበር የምትሰፋው። የሱቁ ጎማይስታ ወገቡን አሞት ሲተወው "እኔ እይዘዋለሁ" አለች። ሳቁባት። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጥቶ "እትዬ፣ ባልሽን ጥሪልኝ ጎማ ይፍታልኝ" ቢላት፣ "ባሌ መንዳት እንጂ መፍታት አይችልም። አንተም እንደሱ ስለሆንክ አይደል የመጣኸው?" ብላው ክሪኩን ከመኪናው ሥር ሰደደች። ያ ሹፌር ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት አይሄድም። እልኸኛ ናት። እዚህ ያደረሳት እልኳ ነው። ያን ቀን ደግሞ ወንድሜን ሊበላብን የነበረውም ያው እልኳ ነው።

ወንድሜ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ቤት ውሏል። ሥራ የፈታ ሹፌር አይታችሁ ከሆነ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳን እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። በመጨረሻ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ትልቁን ጥቁር መኪናውን እንዲነዳለት ቀጠረው። የመጀመሪያ ሥራው በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ቀያሾች ጭኖ ተራራው ላይ ወዳለው ካምፕ መውጣት ነው። ክረምቱ ገብቷል። መንገዱ ላይ ደግሞ ሹፌሮች "ጉሮሮ" የሚሉት መታጠፊያ አለ፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ምንም። መኪናው ላይ ያሉት ጎማዎች የበጋ ናቸው፣ ያውም አልቀው መላጣ ሆነዋል።

አሁን ስለ መኪናው ልንገራችሁ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፊት እግሩና የኋላ እግሩ እኩል አይደለም። የፊቱ ቸርኬ፣ ጎማው የሚለብስበት ብረት ማለቴ ነው፣ ጠበብ፣ የኋላው ሰፋ ያለ ነው። ኋላው መሬት እንዲቆነጥጥ ብለው ነው እንዲህ የሚያወጡት፤ ደግሞም ያምራል፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ። የፊቱ ጎማ 255/50፣ የኋላው 285/45 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው የጎማው ጎን ቁመት ነው፣ ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ። ኋላው ስፋቱ ሲጨምር ሁለተኛው ቁጥር ለምን ቀነሰ? አራቱም ሲቆሙ ቁመታቸው እኩል እንዲመጣ ነዋ! መኪናው በአራቱም እግሩ ነው የሚጎትተው፤ ቁመት ከተበላለጠ ውስጥ ያለው ጥርስ እርስ በርሱ ይበላላል።

አለቃው በስልክ ትእዛዙን ሰጠ፦ ለክረምትም ለበጋም የሚሆን ጎማ ይግባ፣ ኋላው ግን እንደነበረው ሰፊ ይሁን። "ጠባብ አድርጋችሁ እንዳላይ" አለ።

ከተማውን አዳረስን። 255/50 ለክረምትም ለበጋም የሚሆን እንደልብ አለ። 285/45 የሚባል ግን የለም፤ ያለው የበጋ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ነጋዴ 285/50 አውጥቶ አቀረበልን።

"ከአርባ አምስት ሃምሳ፣ አምስት ናት ልዩነቷ" አለ። "በአምስት ሰው ይጣላል?"

ንፋሴ ከወንበር ልብስ ጊዜዋ የቀረ ልማድ አላት፤ ሁሉን በሲባጎ ነው የምትለካው። ሲባጎዋን በአዲሱ የፊት ጎማ ዙሪያ አዞረችና ቆረጠችው። ያንኑ ሲባጎ በነጋዴው ጎማ ላይ ስታዞረው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ክፍተቱ ላይ አራት ጣቷን ጋደም አደረገች፣ አሁንም ተረፈ።

"በአንድ ዙር ይህን ያህል ከተበላለጡ ተራራው ወገብ ላይ ሳይደርስ ካምቢዮው ይጨሳል" አለች። "አንሳልኝ።"

ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። "ንፋሴ፣ ሲነጋ ሰዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል። በመጀመሪያው ቀን 'ጎማ አጣሁ' ልበል?"

"ማን አጣህ አለህ?" አለች። አየሁት፣ ያ እልህ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ። "ጠባቡን ጎማ ሰፊው ቸርኬ ላይ እነፋዋለሁ። ቸርኬው ያው ሰፊ ነው፣ ሰውየው አይቶ አይለየውም። ቁመቱም እኩል መጣ። እኔ ያላስገባሁት ጎማ አለ?"

እኔም ጅሉ "የለም!" ብዬ ጮህኩላት።

ጎማው ለቸርኬው ጠቧል። ከንፈሩ ከቸርኬው ጠርዝ አልደርስ ብሎ ንፋሱ ይወጣል። ገመድ መሃሉ ላይ ጠምጥማ በብረት አጠበቀችው፣ ጠርዙን ሳሙና ቀባች፣ ኮምፕሬሰሩን ለቀቀችበት። ጎማው አቃሰተ። ከዚያ ጧ! ጧ! ሁለቱም ከንፈሮች ገቡ። የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ አጨበጨበ። ሁለተኛውንም ደገመችው። ጎኑ ግን እንደ ወትሮው ሆዱን ነፋ አላለም፤ ወደ ውስጥ ዘምሞ ተወጥሯል፣ የጠበበ ሱሪ የለበሰ ሰው ይመስላል። ይህን አይቼ ዝም አልኩ። ሰው ሲያጨበጭብ ምን ይባላል?

"እስቲ እንሞክረው" አለች።

ከጠጠር መፍጫው ጀርባ አንድ ጭቃ ዳገት አለ። ወንድሜ መሪ ላይ፣ እሷ ጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ከመነሳታችን በፊት ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በየጎማው ዞር ሲል አይቼዋለሁ፤ እየፈተሸ መስሎኝ ነበር። ዝናቡ ካፊያ ነው። ዳገቱን ወጣን፣ መኪናው እንደ ፍየል ነው የወጣው። "ይኸው!" አልኩ። ስንወርድ መታጠፊያው ላይ የኋላው ቀኝ እግር ጉድጓድ ውስጥ ገባና ጠርዙን መታ።

ፓፍ!

ጅራት እንዳለው ነገር ኋላችን ወደ ገደሉ ሄደ። ወንድሜ መሪውን ገለበጠ፣ አሁንም ይሄዳል። የንፋሴ እጅ የወንድሜን ጉልበት ጨምድዶ ይዟል። እኔ በመስኮቱ የማየው ሰማይና ታች ያለውን የጠጠር ክምር ነው፤ መሬት የለም። ከዚያ የሆነ ድንጋይ ከሥር ቸርኬውን ያዘውና ቆምን።

ማንም በሩን አልከፈተም። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ቋ ቋ ይላል።

"በእኔ በኩል ውረዱ" አለ ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ። "አንድ በአንድ። አትዝለሉ።"

ወርደን አየነው። ጎማው ከቸርኬው ወልቆ እንደ ወለቀ ጫማ ተንጋዷል። ንፋሴ የቀረውን የኋላ ጎማ በመለኪያዋ ለካችው፣ ቁጥሩን አየችና ቀና አለች።

"ንፋሱ ጎድሏል። ማነው የቀነሰው?"

ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። "እኔ ነኝ። ጭቃ አይደል? ለጭቃ ሁሌም እቀንሳለሁ፣ ጎማው ላላ ሲል ይቆነጥጣል።"

"ለእኔ ሳትነግረኝ?"

"አንቺስ ወጥረሽ ስታስገቢው ንፋስ ሲጎድለው እንደሚወልቅ መቼ ነገርሽኝ? እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ንፊውና አልቀንስም። አለቀ።"

"ትቀንሳለህ።"

"አልቀንስም አልኩሽ!"

"ትቀንሳለህ! ጉሮሮ ስትደርስ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ሰዎቹ ሲጮሁብህ እጅህ ራሱ ሄዶ ይቀንሰዋል። ሃያ ዓመት ያስለመድከውን እጅ እኔ በአንድ ቀን ተመከር ልበለው?" ድምጿ ተሰበረ። "ደግሞ ባትቀንስም ይወልቃል። ለቸርኬው አይሆንም። ሳስገባውም አይሆንም ነበር። ስላጨበጨቡልኝ ነው።"

እሱ ስልኩን አወጣ። እኔ ሥራውን ለሌላ ሹፌር ሊሰጥ የሚደውል መስሎኝ "ወንድም ጋሼ፣ ቆይ እስቲ" አልኩት። አልሰማኝም፣ ነግሬያችኋለሁ። አለቃው አነሳ፣ ድምፁ እኛ ጋር ድረስ ይሰማል።

"ጋሼ" አለ ወንድሜ፣ "ሰፊ የኋላ ጎማ ለክረምት የሚሆን ከተማው ውስጥ የለም። ጠባቡን ሰፊው ቸርኬ ላይ ሞክረን አሁን ገደል አፋፍ ላይ ቆመናል። ኋላውም እንደ ፊቱ ጠባብ ቸርኬ ካልሆነ ሰው ጭኜ አልወጣም። ቸርኬ ልፈልግ ወይስ ቁልፉን ላምጣልዎት?"

ንፋሴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ያ ሁሉ ጊዜ ቤት የዋለ ሰው እኮ ነው እንዲህ የሚለው።

አለቃው ጮኸ። "መኪናዬን ምን አድርገኸው ነው ገደል አፋፍ?"

"መኪናው ደህና ነው ጋሼ።"

"ሰውስ?"

"ሰውም ደህና ነን።"

"ቸርኬ ፈልግ" አለ። "ሰፊዎቹን ግን እንዳትጥልብኝ! አስጠልቶ ከመጣ ደግሞ እነጋገራለን።" ዘጋው።

መኪናውን ከአፋፉ አስጎትተን ሱቅ አደረስን፤ የቀረውን ቀን በሩጫ ነው ያሳለፍነው። የተጋጩ መኪናዎች የሚበተኑበት ግቢ አለ፣ ባለቤቱን ቀባሪው ነው የምንለው። ሊዘጋ ሲል ደረስንበት። የዚያው መኪና ዓይነት ኋላው የተጨፈለቀ አንድ አለው፤ ፊቱ ግን አልተነካም። ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች አሉ።

"ሟቹን አትረብሹት" አለ ቀባሪው።

"ለሟች ቸርኬ ምን ያደርግለታል?" አለች ንፋሴ፣ ዳዶውን መፍታት ጀምራ። "ገፋ በል፣ ብርሃን ከለከልከኝ።"

ግን አላመነችም። ሱቅ ወስዳ ሁለቱንም መሽከርከሪያው ላይ አሽከረከረቻቸው። አንዱ ተጣምሞ ትንሽ ቢወዛወዝ ኖሮ አለቀልን ማለት ነው። ጣቷን ከጠርዙ አጠገብ አስጠግታ ስታይ ወንድሜም እኔም ትንፋሻችንን ይዘናል። የመጀመሪያው ቀጥ አለ። ሁለተኛው ዞረ፣ ዞረ፣ ጣቷን አልነካትም። ጎማዎቹ ያለ ገመድ፣ ያለ ጭብጨባ፣ በመጀመሪያው ንፋስ ገቡ። አሰረቻቸው፣ ወንድሜ መኪናውን እንዲያዞር አደረገች፣ ከፓራፋንጎው ሥር እጇን አስገብታ ክፍተቱን ዳሰሰች። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አራቱም እኩል። ኋላው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ስላለ መኪናው ከኋላ ሲታይ የቀጠነ ሰው መሰለ። አያምርም፣ ልዋሽ አልችልም።

"ንፋሱን ለጭቃ መቀነስ እችላለሁ አሁን?" አላት።

"ትንሽ ቀንስ" አለችው። "ግን ንገረኝ።"

ሲነጋጋ ሄደ። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ንፋሴ ሱቅ ከፈተች፣ ሰው ጎማ አምጥቶ ያነጋግራታል፣ እሷ ሌላ መልስ ትመልሳለች። አንዱ "የፊት ግራ ነው የተነፈሰው" ሲላት የኋላውን ቀኝ ፈታችለት። እኔ ሥራ ያለብኝ መስዬ እዚያው ቆምኩ። ስልኳ ሲጠራ እጇ ላይ ሳሙና ስለነበር ሁለቴ አመለጣት።

"ደርሰናል" አለ ወንድሜ።

"ጉሮሮስ?"

"ጉሮሮ ላይ ተንሸራተተ።" ንፋሴ ግድግዳውን ያዘች። "ከዚያ ያዘ። አራቱም ባንዴ ያዙ።"

"አለቃህስ?"

"ካምፑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። መኪናውን ዞር ዞር እያለ አየው። 'ሲያስጠላ!' አለ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'ታች ወደሚሠራው መንገድ ውሰደኝ' ብሎኝ ገብቶ ጎኔ ተቀመጠ። አሁን ቀበቶውን እያሰረ ነው፣ ልዝጋው።"

ንፋሴ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ደንበኛውን ዞር ብላ አየችው።

"ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ የትኛው እግር ነው ያልከኝ?"