ለአባቴ ያላደረስኩት ግማሽ ወግ

እድሜዬ ከሁለት እጆቼ ጣቶች ገና ሳያልፍ ያየሁትን ሁሉ እቆጥር ነበር፤ የባቡሩን ፉርጎዎች፣ እናቴ ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ ሻይ የምትሸጥባቸውን ብርጭቆዎች፣ አዋሽ ከነበረው ቤታችን እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያለውን እርምጃ። በእኔ አጭር እግር አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ቁጥሩን ያልረሳሁት አባቴ ያንን መንገድ ስላልሄደው ነው።

ያኔ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም ነበር። ፀሐይ ስትገባ የጠፍር አልጋዎቻችንን ግቢው ውስጥ እንዘረጋለን፤ እናቴ ከጣቢያው ይዛው የምትመለሰው ምድጃ ፍሙ ሳይጠፋ በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ፋኖሱ ቆርቆሮው ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ጋሽ ደምሴ ከተከራዩዋት አንዲት ክፍል ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከመንዝ የመጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። በእሳቸው ተረት ውስጥ ጅብም ንጉሥም የለም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያነሱና የት እንደተወለደ፣ ማን ቤት እንዳደገ፣ ስንት ጌታ እንዳገለገለ ስለ ሰው የሚያወሩ ያህል ያወሩልናል።

አባቴ ሰይድ ጣቢያው ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። የፉርጎ በር ብረት ቅልጥሙን ከቀደደው አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ናዝሬት ሄዶ እንዲታከም ነግሮታል፤ ለዚያ ደግሞ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚጻፈው ሦስት ጎረቤቶች ቀበሌ ቀርበው፣ ሰውየው ፊታቸው ቆሞ፣ «አቅመ ቢስ ነው» ብለው ሲመሰክሩ ነው። እናቴ ሦስቱንም ለምና አዘጋጅታለች። እምቢ ያለው አባቴ ነው።

«ኩንታል በአንድ ትከሻ የማወጣው ሰውዬ አቅመ ቢስ? ወላሂ፣ ጠዋት መስክረው ማታ ነው የሚስቁብኝ!»

«ይሳቁ! እነሱ ስቀው ሲጨርሱ ያንተ እግር ይተርፋል» አለች እናቴ።

በዚያው ቀን ምሽት ቃል ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። አቅመ ቢስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ ብዙ ስም እንዳለው ነገሩኝና «ኢምፖተንት» የሚለውን መረጡ። ቃሉ ከሮማውያን ሲወለድ ኃይል የሌለው ማለት ብቻ ነበር። ቆይቶ ራሱን መግዛት የማይችለውን፣ ቁጣው የሚጋልበውን ሰው በዚሁ ስም ጠሩት።

«ይኼማ እሱ ነው» አለች እናቴ፣ በአገጯ አባቴን እያሳየች። አባቴም ሳቀ።

ከዚያ በእንግሊዝ አገር ለማኝ ሲበዛ ሹማምንቱ ድሃውን ለሁለት ከፈሉት። መሥራት እየቻለ ሲለምን የተገኘ ከጋሪ ኋላ ታስሮ ይገረፋል። በዚያ ቃል የተመዘገበው ግን የመለመኛ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ ላይ ወሰን አለ፤ ከወሰኑ ወጥቶ ቢለምን እሱም ይቀጣል።

አባቴ ከትራሱ ቀና አለ። «ወሰን?»

«አዎ፣ ከዚህ ቀበሌ እንዳትወጣ እንደ ማለት።»

«የአፋር ፍየል እንኳ ወሰን የላትም፣ መምህር! እኔን ነው በወረቀት የሚያስሩኝ?»

ወዲያው የዒሻ አዛን ተሰማ። ጋሽ ደምሴ ወንበራቸውን አንስተው «ገና ግማሹ ነው፤ የቀረውን ነገ» አሉ። አባቴ እግሩን ዘርግቶ፣ ተቀምጦ ሰገደ። ሲጨርስ እናቴን «ዘሃራ፣ ሰዎቹን አሰናብቻቸው፤ አልጻፍም» አላት።

ቀሪውን በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሰማሁት። በዚያ ስም የተመዘገበ ሰው ከረሃብ ይተርፍ ነበር። እያደር ሰፈሩ እሱን የማብላት ግዴታ ተጣለበት፤ መኖሪያም ተሠራለት። እንደ ጋሽ ደምሴ አባባል እፍረቱ የጠናው ቃሉ ከመዝገቡ ወጥቶ የወንዶች መኝታ ቤት ሲገባ ነው፤ ይህን ሲሉ ከኋላ የተቀመጡት ትልልቆቹ ልጆች ሳቁ። ደወል ሲደወል ጠሩኝና «ዛሬ ፈተና ሳርም አመሻለሁ፤ ለአባትሽ አንቺ ንገሪው፤ አደራ» አሉኝ።

ማታ ስደርስ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ነበር። አባቴ የፍየሏን ነገር ለጣቢያ ጓደኞቹ ያወራል፤ እነሱ በሳቅ ያለቅሳሉ፤ አንዱ «የሐዋ አባት እኮ ወንድ ነው!» ይላል። ፍሙ ፊቱን አቅልቶት ነበር። ከቆሰለ ወዲህ እንደዚያ አምሮበት አላየሁትም፤ ያን ሰውዬ ወረቀት የሚቀበል ሰው ላደርገው አልፈለግኩም። የቀረውን ወግ ሳልነግረው ተኛሁ። ጠዋት ጋሽ ደምሴ «ነገርሽው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። ሁሉን ሰምቶ ቆርጧል ብለው ነው መሰለኝ እሳቸውም ዳግመኛ አላነሱበትም።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ራሱን አሳተው። ምስክር ሊሆኑለት የነበሩት ሦስቱ ጎረቤቶች አልጋውን ተሸክመው ወደ ጣቢያው ሮጡ። ከመካከላቸው የሳቀ አልነበረም። ባቡሩን ጥላ ሥር ስንጠብቅ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ተቀምጠው «የቀረውን ስትነግሪው ምን አለ?» አሉኝ።

«ሳቀ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሎጊያ ምግብ ቤት ሳህን አጥቤ፣ ሰመራ ላይ በጉልበቴ አሥራ ስምንት ክፍል ያለው ማደሪያ ሠርቻለሁ። ስሜ ስለሚታወቅ ለነፃ ሕክምና ምስክር ሁኚን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እስካሁን ለአርባ ሦስት ሰው መስክሬያለሁ። በቅርቡ ከሰርዶ የመጣ ኩላሊቱን የታመመ ሾፌር በሬ ላይ ቆሞ «እትዬ ሐዋ፣ አቅመ ቢስ ተብዬስ አልጻፍም» አለኝ። ጸሐፊዎቹ ዛሬ «አቅመ ደካማ» ብለው እንደሚጽፉ፣ ቃሉ እንደለዘበ ነገርኩት። «ያው ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ይኼኛውም ጥቂት ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ከከረመ ያሳፍራል። ክንዱን ይዤ፣ በሚያመኝ ጉልበቴ፣ የጋሽ ደምሴን ወግ ከመጨረሻው ጀምሬ እየነገርኩ ወሰድኩት። ተጻፈ።

ሰዎች ደግ ናት ይሉኛል። ሂሳቡን የማውቀው እኔ ነኝ፤ አርባ ሦስቱ ቢደመሩ አንዱን አይሞሉም። ቀበሌው አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ይርቅ ነበር። ያን ማታ ከእኔ አልጋ እስከ አባቴ አልጋ ግን አራት እርምጃ ብቻ ነበር።