የጉታ ከንፈር

ጉታ ቶሎሳ ሰውን የሚለካው በከንፈሩ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በማርሽ ባንድ ውስጥ አንደኛ ትራምፔት ነፍቷል። ከቡራዩ ወጥቶ ሰበታ ለሰርግ፣ ሱሉልታ ለምረቃ ሲሄድ ከጎኑ የሚሰለፉትን ነፊዎች እንደ ጭነት ነበር የሚያያቸው። ከንፈሬን አመመኝ ያለ ሁሉ ለእሱ ሰነፍ ነው። ትሮምቦን ነፊዋ ኢናስ ከንፈሯ ተጎድቶ አንድ ዓመት ሙሉ መንፋት ባቆመች ጊዜ ባንዱ በተሰበሰበበት፣ "የታመመው ከንፈሯ አይደለም፤ ልቧ ነው። ትሂድና ሽንኩርት ትላጥ" ብሎ አስቆባታል።

ባለፈው ሐምሌ ሱሉልታ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ተመራቂዎች ተሰልፈው ሲገቡ፣ ጉታ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ደረሰና ከትራምፔቱ የወጣው ፍስስ የሚል አየር ብቻ ሆነ። የተመራቂ ቤተሰቦች ሳቁ።

"ይሄ የሱሉልታ ብርድ ብረቱን አኮማትሮት ነው" አለ።

በማግስቱ ብረቱን ከንፈሩ ላይ አጥብቆ ተጭኖ ነፋ። ከንፈሩ አበጠ፤ ከዚያ የአፉ ግራ ጥግ ሳያዘው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወጣቱ ሐኪም፣ "ጡንቻው ተጎድቷል፤ ሦስት ወር እንዳይነፉ" ሲለው፣

"አንተ ፊኛ እንኳ ነፍተህ ታውቃለህ?" ብሎት ወጣ።

መንፋቱን አልተወም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሾርባው በአፉ ጥግ ፈሰሰና ሚስቱ ድንቅቱ እንደ ሕፃን በመሐረብ ጠረገችለት። ያኔ ፈራ። ሰበታ ኢናስ ቤት ሄደ።

በሩን ይዛ ቆመች። "ኦቦ ጉታ፣ ሽንኩርት ሊልጡልኝ መጡ?"

"ከንፈሩን ያመመው ሰው ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?" አላት፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ይዞ የመጣ ይመስል።

"ሦስት ወር ያርፋል። ከዚያ በቀን አምስት ደቂቃ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ብረቱን ሳይጫን ይነፋል።" አፉን አየችው። "ሃያ ስድስት ዓመት ከንፈርዎን አዘዙት፤ አሁን ደግሞ ይለምኑት።"

ይግቡ አላለችውም። እሱም አላመሰገናትም። ያለችውን ግን አንድም ሳያጎድል አደረገ።

በጥር የባንዱን መሪ ቀጄላን ሦስተኛ ትራምፔት ይሰጠው ዘንድ ጠየቀው። ድሮ "የሰነፍ ወንበር" እያለ የሚያላግጥበት ቦታ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ጊዜ ሳተ። አሁን ይስቁብኛል ብሎ ቀና ቢል አንድም ሰው አልዞረም። ሦስተኛውን የሚሰማ የለም! እንዲህ ያለ ውርደት ቀምሶ አያውቅም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ጥርሱን ነክሶ የኖታውን ገጽ ገለጠና ተራው እስኪደርስ ምቱን መቁጠር ጀመረ።