በግ የታረደበት መልበሻ ክፍል

ይሄ ነገር የሆነው አምና፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ እሁድ ነው። ቢቆይም ከውስጤ አልወጣም። እስካሁን ስብሰባ ላይ ጭብጨባ ስሰማ ተነሥቼ እወጣለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም። መንዝ ውስጥ ናት፤ ነፋሷ ከጓሳ ተራራ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ይበቃል።

በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ የከተማውን እግር ኳስ ክለብ ሜዳ እድሳት መቆጣጠር ሆነ። እድሳት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አጥር፣ ለክብር እንግዶች ጣሪያ ያለው መቀመጫ፣ ከዚያ ደግሞ ሻወር ያላቸው ሁለት መልበሻ ክፍሎች። በቃ።

እኔን እንቅልፍ የነሱኝ መልበሻ ክፍሎቹ ናቸው። ሜዳው መልበሻ የለውም እየተባለ የሴቶች ቡድናችን በሜዳው ማድረግ ያለበትን ጨዋታ ሁሉ ደብረ ብርሃን ሄዶ ነበር የሚጫወተው። አዳር አለው። ወላጆች ሰለቻቸውና ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ። የአምበሏ የስንዱ አባትም "ከእንግዲህ ሰው አገር የምታድሪ ከሆነ ኳሱ ይቅር" አሏት። ስለዚህ በዚያ እሁድ ጨዋታውን ሊመራና ሜዳውን ሊያይ የሚመጣው የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ኮሚሽነር ካላጸደቀልን የስንዱ ነገር አበቃ። ቡድኑም ይፈርሳል።

ለክፍሎቹ ድንጋዩን ሕዝቡ ነው በአህያ እየጫነ ያመጣው። እኔም የውሃ መውረጃውን አልወደድኩትም ብዬ ወለሉን አስፈርሼ እንደገና አሠርቻለሁ። ግንበኛው "አንቺ ልጅ፣ ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የምንሠራው?" ብሎ ተቆጥቶኛል። ይቆጣ። ልጆቹ ሲታጠቡ እግራቸው ስር ውሃ እንዲተኛ አልፈለግኩም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ክፍሎቹን ልከፍት ስመጣ በሮቹ ክፍት ናቸው። አንደኛውን ክፍል የቢራ ሳጥንና የተከራየ ወንበር እስከ ጣሪያ ሞልቶታል። ሁለተኛውን ሳየው ጮህኩ።

ለልጆቹ ቦርሳ ማንጠልጠያ ብዬ ያስተከልኩት ብረት ላይ በግ ተሰቅሏል። አንድ እንዳይመስላችሁ፣ ብረቱን ሙሉ። ሻወሩ ስር ፈርስ ተዘርግፏል። ደሙን በውሃ ሊያስወግዱት ሞክረው የውሃ መውረጃውን ሞራ ደፍኖታል፤ ወለሉ ላይ ቀይ ውሃ ተኝቷል። አግዳሚው ላይ እርጥብ ቆዳ ተነጥፏል። በዚያ ብርድ ያ ሁሉ ዝንብ ከየት እንደመጣ እንጃ።

የክለቡ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ተሾመ መሃል ቆመው ቢላዋ ይስላሉ።

"ጋሽ ተሾመ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"በግ ነዋ! አታውቂም?"

"ልጆቹ የት ሊለብሱ ነው?"

"ውሃ ያለው እዚህ ብቻ ነው። የት እንረድ ታዲያ? ሜዳው ላይ? ሳሩ ይበላሻል።"

"ኮሚሽነሩ እኮ ይሄንኑ ክፍል ሊያይ ነው የሚመጣው!"

"መንዝ መጥቶ በግ ሳይቀምስ ተመለሰ ቢባል ደስ ይልሻል? ኢንጂነር፣ አንቺ ግንብ ታውቂያለሽ፤ እንግዳ አታውቂም።"

ሥጋ የሚቆርጡት ሰዎች ሳቁ።

ባልዲ ፍለጋ ስሮጥ ተጋጣሚዎቻችን ደረሱ። ከመርሐቤቴ ቆላ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። አውቶቡሱ ደግሞ ጎማ ሊያስለጥፍ ሄደ። የመልበሻ ክፍሉን በር ከፈቱ። አንዷ አፏን ይዛ ወደ አጥሩ ሮጠች። አምበላቸው ዞራ አየችኝና "እህቴ፣ ለኳስ ነው ወይስ ለቅርጫ የጠራችሁን?" አለች። ባልዲ ፍለጋዬን ቀጠልኩ።

ኮሚሽነሩ ከከተማው ባለሥልጣናት ጋር ሪባን ቆርጦ ወደ ክፍሎቹ መጣ። ስንዱ ክንዴን ጨመቀችኝ።

"በእማምላክ፣ አንቺ እንዳትናገሪ። ካላጸደቀው እኔ ቤት ቀረሁ።"

ጥርሴን ነከስኩ። ሰውየው ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ አንገቱን ብቻ አስገባ። ደሙን አየ፣ በጎቹን አየ። "ማለፊያ ሙክት ነው" አለ።

አልቻልኩም። "እዚህ ውስጥ ነው ልጆቹ የሚለብሱት?" አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች።

ኮሚሽነሩ ፈገግ አለ። "እህቴ፣ የሚታየው ክፍሉ መኖሩ ነው። አለ። ጸድቋል።"

ተጨበጨበ። እመኑኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ደም ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ ጋሽ ተሾመ "በሉ ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ!" ብለው ባለሥልጣናቱን ይዘው ወደ ክብር መቀመጫው ሄዱ። ስንዱን ዞሬ አየኋት። ደስ ይበላት ይክፋት ጨንቋታል። የምትፈልገውን አገኘች፤ ግን የምትለብስበት የላትም።

ልጆቹ ከመቀመጫው ጀርባ ልብሳቸውን አቅፈው ቆሙ። የክለቡ ሰው ብቅ ብሎ "ለዛሬ ቻሉት፤ እዚያ ጥግ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ" አለ። ጥግ የሚለው ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው።

ይሄኔ የስንዱ እናት እትዬ ወይንሸት ከተመልካቹ መሃል እየተጋፉ ወጡ። ሴትየዋ ከዚያ በፊት ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም።

"እንግዳ ተቀበልን ትላላችሁ? እንግዶቹማ እነዚህ ቆፈን የጨረሳቸው የሰው ልጆች ናቸው!"

ጋቢያቸውን ፈተው ዘረጉት። ሌላ ሴት መጣች፣ ሌላም። ጋቢ ከጋቢ ተያይዞ ግድግዳ ሆነ። እኔም ጃኬቴን አውልቄ አንዱን ክፍተት ያዝኩ። "ወንድ የሆነ ሁሉ ፊቱን ወደ ጓሳ!" አሉ እትዬ ወይንሸት። ወንዶቹም ዞሩ።

ከላይ ከመቀመጫው አንዱ ጎረምሳ "እትዬ፣ ድንኳን ማከራየት ጀመሩ እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"አንተ አጥንትህን ጋጥ!" አሉት።

ነፋሱ ጋቢውን እየነጠቀን፣ እጃችን እየደነዘዘ ሁለቱም ቡድን እዚያው ለበሰ። ጨዋታው እኩል ለእኩል አለቀ። ጭቃቸውን የሚያጥቡበት ውሃ ግን አልነበረም፤ እንደቆሸሹ ልብሳቸውን ደርበው ሄዱ። በማይክራፎን አንድ ባለሥልጣን "ለሴት እህቶቻችን ምቹ ስታዲየም በመገንባታችን" እያለ ንግግር ያደርጋል። አገጩ ላይ ቅባት ያብለጨልጫል። እንደገና ተጨበጨበ።

አሁን ልጆቹ በሜዳቸው ይጫወታሉ። ስንዱም አልቀረችም። ይሄን አልክድም፤ ደስ ብሎኛል። ግን ጨዋታ ባለ ቁጥር እንግዳ አለ፣ እንግዳ ካለ እርድ አለ። ልጆቹ መለያቸውን ከቤታቸው በቀሚስ ስር ለብሰው ነው የሚመጡት። ክፍሉን ባሳጠብኩት ቁጥር መልሶ ይሸታል። ኮሚቴውን ለምኛለሁ፣ ጮኼያለሁ፣ ተሳድቤያለሁ። "ይቺ ልጅ ትዕግሥት የላትም" ተባልኩ። የለኝም።

በቅርቡ ኮሚቴው እኔንም ጨምሮ ተሰበሰበና ቀጣዩ ማሻሻያ ምን ይሁን ተባለ። ጋሽ ተሾመ ተነሡና "ስታዲየሙ የሚጎድለው ወጥ ቤትና ማረጃ ነው" አሉ። ሳቅኩ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም። ድምፅ ይሰጥ ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ክፍላቸውን የሚያገኙት እንግዶቹ ማረጃ ሲያገኙ ብቻ ከሆነ፣ ይሠራ።

ዕቅዱን እየነደፍኩ ነው። ስታዲየም ልሠራ ተምሬ በግ ማረጃ ስሥል፣ ወረቀቱ ላይ ልተፋ ይቃጣኛል።