ውኃ በአፉ የያዘው ዳኛ

በዳዳ የገና ጨዋታ ሲዳኝ አፉን ውኃ ይሞላ ነበር። ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ሜዳ ሁለቱ ወገን ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሲሰለፍ፣ እሱ ከቅሉ አንድ ጉንጭ ይይዛል፤ አይውጠውም። የየወገኑ አለቆች ፍረድልን እያሉ ሲጮኹበት ጉንጩን ነፍቶ ያያቸዋል። የሚመልስላቸው አጥተው ሲደክማቸው ውኃውን ይውጥና ፍርዱን ይናገራል። "ለጩኸት መልስ የሰጠ ዳኛ ሦስተኛ ወገን ሆነ" ይል ነበር።

በ፲፰፻፸፰ ዓ.ም. ገና የእንጦጦዎቹን ወገን የሚመራው ሻለቃ በላይነህ ነበር። በዳዳ የሚያርሰው የወንዝ ዳር ማሳ ለዚሁ ሻለቃ የተሰጠ ነው፤ በዳዳ ገባሩ ነው። ሚስቱ ሎሚ፣ "ዘንድሮን እንኳ ታመምኩ በል" አለችው።

"ደህና ነኝ" ብሎ ቅሉን ሞላ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨዋታው እኩል ለእኩል ነበር። ከሻለቃው ሰዎች አንዱ ሩሯን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ በእግሩ ገፍቶ ካመቻቻት በኋላ በዱላው መትቶ ከየካዎቹ የግብ ምልክት አሳለፋት። እንጦጦዎቹ ጨፈሩ። በዳዳ በትሩን አግድም አነሣ፤ በእግር የተገፋች አትቆጠርም ማለቱ ነው።

በላይነህ ሜዳው መካከል ገባ። "ምን አየህና ነው?"

በዳዳ ጉንጩን ነፍቶ አየው።

"አንተን እኮ ነው።" ወደ የካዎቹም ዞረ። "ዳኛ ብንላችሁ እንቁራሪት አቆማችሁብን?"

ከየካዎቹ ወገን አባይነህ የሚባል ቀልደኛ፣ "እንቁራሪትስ የምትጮኸው ክረምት ሲገባ ነው፤ ጌታዬ በበጋ ጀመሩ" አለ። ሜዳው ሳቀ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣምና በላይነህ ከንፈሩን ነክሶ ዋጠው። ከዚያ ወደ በዳዳ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ገና ዛሬ ማታ ያልቃል። ማሳው ግን ነገም የኔ ነው። በትርህን አውርድ።"

በዳዳ ጩኸት ይችልበት ነበር። ይህ ግን ጩኸት አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ውኃውን ሩሯ በተገፋችበት ዱካ ላይ ተፋው። ፍንጣሪው የሻለቃውን እግር ነካ።

"እግሩ የገፋት እዚህ ላይ ነው" አለ። "ማሳው የጌታዬ ነው። ይቺ ስንዝር መሬት ግን እስኪመሽ የኔ ናት።"

ጨዋታው ሳይሸናነፉ አበቃ። በጥምቀት ማግስት በላይነህ ማሳውን ለሌላ ሰጠ፤ በዳዳም ወደ ድንጋያማው ዳገት ወጥቶ ገብስ ዘራ።

በዓመቱ ሻለቃው የራሱን ሰው ዳኛ አድርጎ አቆመ። ተጫዋቾቹ፣ የገዛ ጭፍሮቹ ሳይቀሩ፣ ዱላቸውን አጋድመው ተቀመጡ። በገና ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ በጌታው ሎሌ ፍርድ አሸንፎ የሚሰድብ ግን መልሶ የሚሰደበው ራሱ ነው። በዳዳ ከዳገቱ ተጠርቶ ወረደ። ከበላይነህ ጋር ሰላምታ አልተለዋወጡም፤ እስኪሞቱም አልተለዋወጡም። ሻለቃው ከሜዳው ዳር ቆሞ ሲያፈጥበት፣ በዳዳ ከቅሉ ተጎንጭቶ ጉንጩን ነፋ።