ሽማግሌ የጫነች ፒካፕ

መኪናዬ ጠዋት ጠዋት መንኳኳት ስትጀምር መጀመሪያ ያገኘሁላት መድኃኒት ከሰው ቀድሞ መነሳት ነበር። አዳማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ግቢን ከግቢ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባለው ከአልጋ ሳይወረድ ነው። እኔ ደግሞ ይቺን ደብል ጋቢና የናፍጣ ፒካፕ የገዛሁ ጊዜ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። የሕንፃ መሣሪያ ሱቄ በር ላይ ቆሜ «ናፍጣ አትጠጣም፣ አቀበት አታውቅም» እያልኩ ብሎን ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አድክሜአለሁ። አሁን ቁልፉን ስጠመዝዝ ግን ከሞተሩ ፊት ለፊት ቆርቆሮ ውስጥ ምስማር የሚያራግፉ የሚመስል ድምፅ ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ሰፈሩ ሳይነቃ አስነስቼ አሞቃታለሁ። ሰው ሲወጣ እሷ ድምጿን አጥፍታ፣ ጨዋ ሆና ትጠብቃለች።

ድምፁ እየረዘመ ሲመጣ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ደንበኛውን ሳይሰድብ ሥራ የማይጀምር ሰው ነው። «ሞቃ መጥታ ምን ትነግረኛለች? እዚህ አሳድራትና ጠዋት በብርዷ ልስማት» አለኝ። በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ «አስነሳ» አለ። ሰማና ሳቀብኝ።

«ካቴናዋ ላልቷል» አለ። «የሞተሩን ታችና ላይ አንድ ላይ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። የሚወጥረው ዕቃ ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ሰንሰለቱ እየተወዛወዘ የሞተሩን ግድግዳ ይመታል። ዘይት በጊዜው ትቀይራለህ?»

«እቀይራለሁ» አልኩ። አልቀይርም ነበር። ሱቅ ሲበዛብኝ ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ከዚያ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ ነበር የምነዳት።

አላመነኝም፣ ግን አልተከራከረኝም። ሰንሰለቱ፣ ወጣሪውና የሚንሸራተትባቸው ፕላስቲኮች አንድ ላይ መቀየር እንዳለባቸው፣ እስከዚያ ግን መኪናዋ መቆም እንዳለባት ነገረኝ። «ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑ ወጥቶ ቫልቩን ይመታዋል። ያኔ ሞተር ይወርዳል። አሁን እየጮኸች ነው፣ ተመስገን በል። እሷ ዝም ስትል ነው አንተ የምታለቅሰው» አለኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ከሱ ደጅ ወጥቼ ወፍራም ዘይት ገዛሁና ሞላሁባት። ድምፁ ቀነሰ። መካኒክ መቼም ዕቃ ካላስቀየረ አይጠግብም ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሌላ ነገር ይንኳኳ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የወደዳት ልጅ ደግሞ የመቂ ልጅ ናት፣ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ይህን ለእናታችን የነገራት ቀን እኔም ምሳ ላይ ነበርኩ። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ራስ ነኝ ብዬ ስለማስብ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ዲግሪውን ይዞ ሚስት የሚፈልገው ከስፌት ማሽን ኋላ ነው?» አልኩ። እናቴ አቀረቀረች። ወንድሜ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ፣ እጁን ሳይታጠብ ወጣ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘመድ ሁሉ ዘንድ «ትልቁ አልፈቀደም» ተባልኩ። ቃሉን ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ግን እኔ ተናግሬ የምመልስ ሰው አይደለሁም፣ ተናግሬ የማኮርፍ ነኝ።

እናቴ የእኔን ኩርፊያ አልጠበቀችም። ሽማግሌ መረጠች። የሰፈራችን የእድር ሊቀመንበር፣ የንስሐ አባታችንና አጎቴ እሑድ መቂ ሄደው ልጅቷን እንዲጠይቁ ቀን ተቆረጠ። ሊቀመንበሩ ሱቄ ድረስ መጡ። አባቴን የቀበሩ፣ እኔን በልጅነቴ በጆሮዬ የጎተቱ ሰው ናቸው።

«እሑድ የምታደርሰን አንተ ነህ፣ በመኪናህ» አሉኝ።

መኪናዬ ታማለች ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አየሁትና ተውኩት። መልሴን ሳይሰሙት ያወቁት ይመስሉ ነበር። ደግሞስ ማን ያምነኛል? ያ ሁሉ ዘመድ «ይኸው፣ ምክንያት አገኘ» ነው የሚለው። አንዲት እውነት ይዤ ነበር፣ እሷም ውሸት ትመስላለች። ሚኒባስ ልከራይላቸው ብል «የራሱ ፒካፕ በር ላይ ቆማ!» ሊባል ነው። ይሉኝታ ያልያዘው ሰው እዚህ ላይ ይስቅብኝ ይሆናል። እኔን ግን አንቆ ያዘኝና «እሺ ጋሼ፣ ደስ ይለኛል» አልኩ።

እሑድ ከሁሉም ቀድሜ አሞቃታለሁ ብዬ ስወጣ፣ ወንድሜ ቀድሞኝ ባልዲና ጨርቅ ይዞ መኪናዬን እያጠበ አገኘሁት። ራሱ ወደማይሄድበት ቦታ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ከዚያ ምሳ ወዲህ በቅጡ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። «አመሰግናለሁ» አለኝ፣ ጎማውን እያሸ፣ ሳያየኝ። ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ያ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ምንድን ነው?» አለ ደንግጦ።

«ብርድ ነው» አልኩት። አዳማ ላይ ብርድ! እሱ ግን አመነኝ። ያን ቀን የነገርኩትን ሁሉ ለማመን የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ፣ ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ሞጆ እስክንደርስ ድምፁ ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠፋም። ሊቀመንበሩ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ።

«ልጄ፣ ይሄ የሚያንኳኳው ምንድን ነው?»

«ናፍጣ እንዲህ ነው ጋሼ። ድምፅ አለው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ድምፁን ልሸፍን መዝሙር ከፈትኩና ከፍ አደረግኩት። የንስሐ አባታችን ከኋላ ሆነው «ጎሽ፣ ተባረክ» አሉኝ። ኮረብታ መሳይዋን ሁሉ ስንወጣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እረግጣለሁ፣ እሷ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች ትለግማለች። ቆቃን አለፍን። ዓለም ጤና ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከፊት አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ተንኮሻኮሸና ሞተሩ ዝም አለ። መኪናዋ በራሷ ግፊት ተንከባልላ ጥግ ያዘች። መዝሙሩ ብቻ በዚያው ከፍታ ይዘመራል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱብኝ።

ዘግይቶ የሚደርስ ሽማግሌ የናቀ ሽማግሌ ነው። አጎቴ ደግሞ ነገሩን በሆዱ መያዝ አልቻለም፦ «አሁን ይሄ ወንድሙ ሲሰማ ምን ይላል?» አለ። ሁላችንም ምን እንደሚል እናውቅ ነበር፦ ሆን ብሎ አስቀረብኝ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪናዎች ባለፉ ቁጥር የሦስቱ አረጋውያን ጋቢ እየተነሳ ፊታቸው ላይ ይጠመጠማል። የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቷል። ወንድሜ ይህን ሰርግ በኔ ምክንያት ሲያጣ ታየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከልቤ፣ ልጅቷን እንዲያገኝ ፈለግኩ።

የሊቀመንበሩ ስልክ ጮኸ። የልጅቷ አባት ናቸው፣ የት ደረሳችሁ የሚሉት። ሊቀመንበሩ መዋሸት አይችሉበትም። የቆምንበትን ነገሯቸው። ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ፦ «የትም እንዳትሄዱ!»

ሰውየው ሽንኩርት የሚጭኑባትን አሮጌ አይሱዙ ራሳቸው እየነዱ መጡ። ለእንግዳ የተዘጋጀ ነጭ ልብስ ላይ የሥራ ጃኬት ደርበዋል። «አካም ጅርቱ! ነጋያ?» እያሉ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ትከሻ ሳሙ። ሊቀመንበሩ እኔን «የልጁ ታላቅ ወንድም ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ልጃቸውን ልንጠይቃቸው የምንሄድባቸው ሰው፣ ወጉ ቢሆን በቤታቸው በክብር መጠበቅ የሚገባቸው ሰው፣ መንገድ ዳር ገመድ ይዘው ቆሙ። ኮፈኑን አስከፈቱኝና «እስቲ ቁልፍ ስጣት» አሉ። ሞተሩ ምንም ሳይከብደው በባዶው ተሽከረከረ። በሕይወታቸው ብዙ የውኃ ፓምፕ የሰበሩ ሰው ናቸው፣ ወዲያው ገባቸው።

«ሰንሰለቱ ነው። ቀድማ አልጮኸችም?»

ሦስቱም ሽማግሌዎች አዩኝ። በተለይ ሊቀመንበሩ።

«ጮኻለች» አልኩ።

«መካኒክ አላየልህም?»

«አይቷል። አትንዳት ብሎኝ ነበር።»

ሰውየው ፊቴን ተመለከቱ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው «እያወቅክ መጣህ?» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ምን እንደገባቸው ያኔ አልገባኝም፣ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሽማግሌዎቹን አይሱዙዋ ጋቢና አሳፍረው፣ የእኔን ፒካፕ በገመድ አስረው ጎተቱኝ። መቂ ድረስ ለብቻዬ መሪ ይዤ የገዛ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከፊቴ ገመዱን እያየሁ ሄድኩ። ከተማው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ባጃጆች እየቀረቡ ያዩኝና ያልፋሉ። የሙሽሪት ቤት በር ላይ ዘመዶቿ ተሰልፈው ቆመዋል። የወንዱ ወገን ትልቅ ልጅ፣ «አልፈቀደም» የተባለው ሰውዬ፣ በገመድ ተስቦ ገባ። መሬት ብትከፈትልኝ በደስታ እገባባት ነበር።

ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» ቢባሉ እንደ ወጉ እምቢ ብለው ቆሙ፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው። እኔ ሾፌር ስለሆንኩ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን አሳምረው ተናገሩ። የልጅቷ አባት መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

«በወጉ ቢሆን ዛሬ ከዘመድ እንምከርበት ብለን ነበር የምንመልሳችሁ» አሉ። «እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የዚያ ቤት ትልቁ ልጅ አልወደደም ሲባል ሰምቼ ከፍቶኝ ነበር። ሰው መቼም ያወራል። ይሄ ልጅ ሞተሩ እንደሚሞት እያወቀ፣ መካኒክ እየከለከለው፣ ለወንድሙ ሲል ነዳው! ንብረቱን ለወንድሙ የሚያቃጥል ሰው ያለበት ቤት ልጄን ብሰጥ ምን እፈራለሁ? ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ከጓዳ ፈነዳ። እኔ ፊቴ ነደደ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተመሰገንኩት በፈሪነቴ ነበር። አፌን ከፍቼ «አባባ፣ እኔኮ…» ስል ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዙኝ። ከባድ እጅ ነው። ምሳ ላይ ያልኩትን ያውቃሉ፣ «ናፍጣ እንዲህ ነው» ያልኩትንም ሰምተዋል።

«ዝም በል» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ፊታቸው እየሳቀ። «አሁን ብትናገር የሚቀልለው ለአንተ ብቻ ነው። ወንድምህን አስብ።»

አባትየው እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ወንድማማቾቹን አይለያያችሁ፣ እንዲህ ያለውን ልብ ለልጆቻችሁ ያውርስ እያሉ። ቤቱ ሙሉ «አሜን» ይላል። እኔም አልኩ። ምርቃት አይመለስም።

ከዚያ ልጅቷን አስጠሯት። የእጅ መታጠቢያ ይዛ መጣች፣ ማንቆርቆሪያው በቀኝ እጇ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ። ፊቷን ከዚያ በፊት በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ልብስ እንደምትሰፋ ብቻ ነበር የማውቀው። እንደ ደንቡ ከቄሱ መጀመር ነበረባት። እሷ ግን ሽማግሌዎቹን አልፋ በሩ አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጣች፣ ዝቅ ብላ፣

«ወንድም ጋሼ፣ እጅዎን» አለችኝ።

በሞተር ዘይት የጠቆረ እጄን ዘረጋሁላት። እስኪጠራ ድረስ፣ ሳትቸኩል፣ ደጋግማ አፈሰሰችልኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።